ግማሹ ድሬዳዋ ያለ ሕንፃ

ቤተ ክርስቲያን ባለችበት ሙሉ ናት። ቤተ መንግሥትም ንጉሡ ቢያልፍ፣ ሥርዓቱ ቢለወጥ ግንቡና አጥሩ ራሱን ችሎ ይቆማል፤ መጥቶ ያየው ሁሉ ምን እንደነበረ ይረዳል። ባቡር ጣቢያ ግን ብቻውን ሊሆን የማይችል ሕንፃ ነው። አንዱ ጣቢያ ጣቢያ የሚባለው ሌላ ጣቢያ ስላለ ነው። ከዚህ የተሳፈረ ሰው የሚወርድበት፣ እዚያ የተጫነ ጆንያ እዚህ የሚራገፍበት ሌላ ስፍራ ከሌለ፣ የቆመው ነገር ሰፊ አዳራሽ ያለው ቤት ነው፤ ከዚያ አያልፍም።

የለገሃርን ጣቢያ ባሰብኩ ቁጥር የሚከነክነኝ ይህ ነው። በቸርችል ጎዳና ግርጌ፣ ማዘጋጃ ቤቱን ከሩቅ ሽቅብ እያየ የቆመው ሕንፃ እኛ ዘንድ ያለው ከፊሉ ብቻ ነው። ቀሪው ሞጆ ነው፣ አዋሽ ነው፣ ድሬዳዋ ነው፣ ጅቡቲ ወደብ ነው። በ2000 ዓ.ም. ገደማ የአዲስ አበባና የድሬዳዋ ባቡር ሲቆም ሕንፃው አልፈረሰም፤ የጠፋው የሕንፃው ሌላኛው ጫፍ ነው። እንግዲህ «ጣቢያው ቅርስ ነው፣ ይጠበቅ» ስንል የምንጠብቀው የቱን ነው? ይህን ሳንመልስ ግድግዳውን ብንቀባ፣ ድስት የማይጣድበትን ጉልቻ እንደማስዋብ ይሆንብናል።

ጎተራ ለሚኖር ሰው ጥያቄው ሩቅ አይደለም። ከለገሃር የወጣው ሐዲድ የቂርቆስን ሰፈሮች ሰንጥቆ በእኛ አቅጣጫ ነበር ወደ ንፋስ ስልክ፣ ወደ ቃሊቲና ወደ አቃቂ የሚወርደው። ዛሬ ጎተራ ሲባል ለብዙው ሰው የሚታየው ማሳለጫው ነው፤ መኪናው ከላይም ከታችም ይጠማዘዛል፣ የኮንዶሚኒየሙ ሕዝብ ጠዋት ጠዋት ታክሲ ይጋፋል፣ ከመስከረም 2008 ዓ.ም. ጀምሮም ቀላል ባቡሩ ወደ ቃሊቲ ይመላለሳል። ረጃጅሞቹ የእህል ማከማቻዎች፣ ወደ ደቡብ የተደረደሩት መጋዘኖችና ፋብሪካዎች እንዲያው በዘፈቀደ እዚህ አልተቀመጡም። የከተማዋ ኢንዱስትሪ ወደ አቃቂ የተዘረጋው ባቡሩ የቀደደውን መስመር ተከትሎ ነው። ሐዲዱ ከዓይናችን ቢጠፋም አቅጣጫው አሁንም ያዘናል። በየቀኑ የምንጓዘው ከመቶ ዓመት በፊት ሌላ ሰው በመረጠልን በኩል ነው።

የመረጡልን ሰዎች ደግሞ ምን ያህል ርቀው ያስቡ እንደነበር ሳስብ እደነቃለሁ። ዳግማዊ ምኒልክ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር መስመር ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ከዐድዋ ሁለት ዓመት በፊት መሆኑ ነው። ጊዜው የነጋዴ ቅፍለት ከባሕር ዳርቻ ሸዋ ለመድረስ ሳምንታት የሚፈጅበት ጊዜ ነበር። ኢልግ ከፈረንሳዊው ነጋዴ ከሊዮን ሸፍኔ ጋር ኩባንያ አቋቁሞ ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀመረ፤ በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ የሐረርን ተራራ መውጣት ትቶ እግርጌው ካለው ሜዳ ላይ ደረሰ። ድሬዳዋ የተወለደችው እዚያ ሜዳ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ነገሩ ተበላሸ። የፈረንሳይ መንግሥት አስቀድሞ በ1902 እ.ኤ.አ. (በ1894 ዓ.ም.) ከኩባንያው ጋር የተፈራረመው ውል መስመሩን በእጁ የሚያስገባ ስለነበር ምኒልክ ተቆጡ፣ ፈቃዱ ወደፊት እንዳይገፋ ያዙት። ገንዘቡም አለቀ፣ ኩባንያው ከሰረ፣ እንግሊዝና ጣሊያንም የየራሳቸውን ጥቅም ይዘው ገቡበት። ሐዲዱ ድሬዳዋ ላይ ዓመታት ቆመ። አዲስ የፍራንኮ ኢትዮጵያ ኩባንያ በ1908 እ.ኤ.አ. ተቋቁሞ ሥራው ቀጥሎ ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. (በ1917 እ.ኤ.አ.) ነው።

ምኒልክ ያረፉት በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. ነው። ፈቃዱን ከሰጡ ሃያ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ ባቡሩ ከመናገሻቸው ሳይደርስ ሄዱ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ለእኔ ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው። ቤት የሚሠራ ሰው ገብቶ ሊያድርበት ይሠራል። መንገድ የሚያስቀይስ ሰው ግን የማያውቀው ተሳፋሪ፣ በማያየው ቀን፣ እሱ በማይገምተው ጉዳይ እንዲሄድበት ነው የሚያስቀይሰው። 784 ኪሎ ሜትር ብረት ለማያውቁት ሰው ማንጠፍ የእምነት ሥራ ነው። በመዝገብ ላይ የነጋዴና የዲፕሎማሲ ሥራ ሆኖ ይታያል፤ እምነት ባይኖርበት ግን ድሬዳዋ ላይ በቀረ።

ዛሬ የምናውቀው የለገሃር ሕንፃ የተመረቀው ባቡሩ ከገባ ከዓመታት በኋላ፣ በ1922 ዓ.ም. ነው። ጊዜው ያለ ምክንያት አልተመረጠም። በጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ለተፈጸመው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ንግሥ ከየአገሩ የተጋበዙት መሳፍንትና መልእክተኞች፣ ወሬውን ሊጽፉ የመጡት ጋዜጠኞች፣ ሁሉም በባቡር ነበር የሚገቡት። ያን ጊዜ ከጅቡቲ አዲስ አበባ ሦስት ቀን ነው፤ ባቡሩ ሌሊት አይሄድም፣ ድሬዳዋ አንድ ሌሊት አዋሽ አንድ ሌሊት ይታደራል። እንግዳው ሦስት ቀን አቧራና ሙቀት ጠጥቶ፣ ደጋውን ወጥቶ፣ መጀመሪያ የሚረግጠው የኢትዮጵያ ዋና ከተማ ይህ ደጃፍ ነበር። ከፊቱ ባለው አደባባይ ላይ ከንግሡ ጥቂት ቀደም ብሎ የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ቆመ። ጣቢያው የመንግሥት ፊት ሆኖ ተሠራ ማለት ነው፤ አገር «እንዲህ ነኝ» ያለችበት በር።

በዚያው ሐዲድ ስድስት ዓመት ሳይሞላ ሌላ ነገር አለፈ። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በዚሁ መስመር ወደ ጅቡቲ፣ ወደ ስደት ሄዱ። ከሦስት ቀን በኋላ የፋሺስት ጦር አዲስ አበባ ገባ። ስለዚያ ሽሽት ተገቢነት የተነሣው ክርክር እስከ ዛሬ አላበቃም፤ እዚህ ልፈርድበት አልፈልግም። እኔን የሚይዘኝ መንገዱ ነው። ክብር የገባበት ሐዲድ ውርደትንም ያወጣል፤ ብረቱ አይመርጥም። ከአምስት ዓመት በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ሲመለሱ በባቡር አልመጡም፤ በጎጃም በኩል፣ ከአርበኞች ጋር፣ በእንጦጦ አድርገው ነው የገቡት። አገር በሐዲድ ተለቃ፣ በእግርና በበቅሎ በተዋጉ ሰዎች ተመለሰች። አንበሳውም ተማርኮ ሮም ተወሰደና ከዋናው ባቡር ጣቢያቸው አጠገብ፣ ለዶጋሊ ጦርነት ሙታኖቻቸው ከቆመው ሐውልት ሥር ተተከለ። ከጣቢያ ደጃፍ ተነቅሎ ወደ ጣቢያ ደጃፍ ነው የሄደው። ዘርአይ ደረስን ጎራዴ ያስመዘዘው የዚያ አንበሳ በጠላት አደባባይ መቆም መሆኑን ልጆች ሳለን ተምረናል። አንበሳው ወደ ለገሃር የተመለሰው በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው።

ይህ ሁሉ የነገሥታት ታሪክ ነው፤ ጣቢያን ጣቢያ ያደረገው ግን ሌላ ሕዝብ ነው። ከድሬዳዋ ጨርቁን፣ ሳሙናውን፣ ፓስታውን ጠቅልላ፣ ፍተሻ ሲመጣ ግማሹን ለጎረቤቷ ተሳፋሪ የምታስይዘው ነጋዴ፤ ደሞዙን ሊልክ ወረፋ የሚይዘው ወታደር፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሐረርጌ ወጥቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገባው ተማሪ። ባቡሩ በቆመበት ሁሉ መስኮት ለመስኮት እየሮጡ ውኃና ፍራፍሬ የሚሸጡ ልጆች። ሐዲዱን የሚያጠብቁት፣ ፉርጎ የሚያቆራኙት፣ ፈረንሳይኛን በሥራ ላይ የተማሩትና ከአገሪቱ ቀደምት የሠራተኛ ማኅበራት አንዱን ያቆሙት ሠራተኞች። አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ፣ አፋርኛ፣ ዐረብኛ፣ ፈረንሳይኛ በአንድ ፉርጎ ውስጥ ይሰማ ነበር፤ ሰው ተሳፍሮ እስኪወርድ ድረስ የሌላውን ቋንቋ ቁራጭ ይዞ ይወርዳል። የኢትዮጵያን አንድነት የሚሰብኩ ብዙ አዳራሾች ሠርተናል፤ የሦስተኛ ማዕረግ ፉርጎን ያህል የሠራለት አዳራሽ ግን ያለ አይመስለኝም።

የዚህ ሕዝብ ደም በሐዲዱ ላይ መፍሰሱንም ማንሳት ተገቢ ነው። በጥር 1977 ዓ.ም. አዋሽ አጠገብ ባቡር ድልድይ ላይ ከሐዲዱ ወጥቶ ከ400 በላይ ሰዎች ሞቱ። በአፍሪካ ከደረሱት የባቡር አደጋዎች ሁሉ ከአስከፊዎቹ ይቆጠራል። አገሩ በረሃብ እየተቀጣ በነበረበት ጊዜ ስለደረሰ ይሆን፣ ኀዘኑ ቶሎ ተሸፈነ። ስለ ለገሃር ቅርስነት ሲወራ ስለ ሕንፃው የፈረንሳይ አሠራር ይነሳል፣ ስለ ንግሡ እንግዶች ይነሳል፤ ስለ እነዚህ ሰዎች ሲነሳ አልሰማሁም። መጠበቂያ አዳራሹ ውስጥ ቁጭ ብሎ ያልመጣለትን ሰው የጠበቀ ሰው የጣቢያው ታሪክ ውስጥ ከዘውድ እንግዶች በፊት ሊቀመጥ ይገባው ነበር።

አሁን ወደ ብረቱ ልመለስ፤ ነገሩ የሚታየው እዚያ ነው። በአሮጌው መስመር በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት አንድ ሜትር ነው። አዋቂ ሰው በአንድ እርምጃ ይሻገረዋል። ተጋዳሚውም ብረት ነው፤ እንጨት ለምስጥና ለሙቀት አይሆንምና። መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀው፣ በፉሪ ለቡ በኩል አልፎ ጅቡቲ የሚደርሰው አዲሱ የኤሌክትሪክ መስመር ደግሞ ስፋቱ 1,435 ሚሊ ሜትር ነው። ልዩነቱ 43 ሳንቲ ሜትር ተኩል፤ ከአንድ ክንድ አይበልጥም። በዚህች ክንድ ምክንያት ግን አዲሱ ባቡር የአሮጌውን ሐዲድ መርገጥ አይችልም። ወራሹ የአባቱን ቤት ደጃፍ ሊያልፍ ሰውነቱ አይፈቅድለትም። አዲሱ መስመር ጅቡቲን ከአዲስ አበባ አገናኘ፤ ድሬዳዋም ድርሻዋን አገኘች፤ ለገሃር ግን ከነ ሕንፃው፣ ከነ አደባባዩ፣ ከነ አንበሳው ከመስመር ውጪ ቀረ። ተሳፋሪው የሚነሣው ከከተማው ዳር ነው፤ ጣቢያ መድረስ ራሱ ጉዞ ሆኗል። አዲሱ ሰፊ መሆኑ ስሕተት አይደለም፤ ብዙ ይጭናል፣ ፈጥኖ ይሄዳል፣ ከሌላው ዓለም መስመር ጋር ይገጥማል። የማዝነው ልኩን ስንመርጥ የቀድሞውን ጣቢያ ምን እንደምናደርገው አብረን ባለማሰባችን ነው።

ለፍትሕ ሲባል ግን ሌላውን ጎን ማየት አለብኝ። ባቡሩ ራሱ ሲመጣ የዘጋቸው ጣቢያዎች ነበሩ። ጅቡቲ ስትደምቅ ዘይላ ደከመች። ድሬዳዋ ሜዳው ላይ ስትሰፋ ከተራራው ላይ ያለችው ሐረር፣ ስንት መቶ ዓመት የንግድ መግቢያ የነበረችው ከተማ፣ ከዋናው መስመር ውጪ ሆነች። በግመልና በበቅሎ የሚኖረው ሲራራ ነጋዴ፣ የቅፍለቱ መሪ፣ ማደሪያ ያከራይ የነበረው ባለ ቤት ሁሉ እንጀራው ተነካ። ለእነርሱ ማን አለቀሰ? ስለዚህ ለገሃርን የማስበው ወርቃማ ዘመን ቀረ ብዬ አይደለም። አዲስ መንገድ ሁሉ አንዱን ሲያቀርብ ሌላውን ያርቃል፤ ይህ የመንገድ ጠባይ ነው። ልዩነቱ አንድ ነው፤ የዘይላን ቅፍለት መንገድ በሕይወታቸው ያወቁት ሁሉ አልፈዋል፣ ከእነርሱ የምንማርበት እድል አመለጠን። የባቡሩን ዘመን የሚያውቁ ሰዎች ግን ገና በሕይወት አሉ።

የቅርስ ሕጋችንም እዚህ ላይ ይፈተናል። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ግዙፍና ግዙፍነት የሌለው፣ ግዙፉንም የሚንቀሳቀስና የማይንቀሳቀስ ብሎ ይከፍለዋል። ለመጽሐፍ፣ ለመስቀል፣ ለቤተ መንግሥት አከፋፈሉ ይሠራል። ለባቡር መስመር ግን ይቸግራል። ጣቢያው የማይንቀሳቀስ፣ ባቡሩ የሚንቀሳቀስ፣ የሾፌሩ እውቀት ግዙፍነት የሌለው ሆነው በሦስት መዝገብ ይበታተናሉ፤ ነገሩን ነገር ያደረገው ግን የሦስቱ አንድነት ነው። አንዱን መርጠን ስንመዘግብ ሌሎቹን ለመጣል ሰበብ እናገኛለን። ግድግዳው ተጠበቀ ብለን ሐዲዱን እንነቅላለን፤ አንድ ባቡር በአጥር ውስጥ አቁመን ሰነዱን ለአይጥ እንተዋለን።

ሌላው ዓለም ይህን እንዴት ፈታው? ፓሪስ በ1900 እ.ኤ.አ. የተሠራውን የኦርሴ ጣቢያዋን በ1986 ሙዚየም አደረገችው፤ ዓለም ይጎርፍበታል። ያማረ ነው፤ ነገር ግን ሰው የሚገባው ሥዕል ሊያይ ነው፣ ጣቢያነቱ የጣሪያ ጌጥ ሆኗል። ለእኔ ከዚህ ይልቅ ልቤን የሚነካው የጎረቤታችን የኤርትራ ምሳሌ ነው። በጦርነቱ ጊዜ ሐዲዱ ተነቅሎ ለምሽግ የዋለውን የምጽዋ–አስመራ መስመር ከነጻነት በኋላ መልሰው የጠገኑት ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኞች ናቸው። ሽበታሞቹ ተጠርተው መጡ፣ ተጋዳሚውን ከየቦታው ለቅመው፣ አሮጌዎቹን የእንፋሎት ባቡሮች አስነሡ። መስመሩ የተረፈው በብረቱ አይደለም፤ ብረቱማ ተበትኖ ነበር። የተረፈው በእነዚያ ሽማግሌዎች እጅ ውስጥ በነበረው እውቀት ነው።

እኛም እንደዚያ ያሉ ሰዎች ነበሩን። የድሬዳዋው የባቡር ጋራዥ ባቡሩ ከቆመ በኋላም ለዓመታት ሠራተኞች የሚገቡበት ነበር። ማሽኑን ይወለውላሉ፣ ዘይት ይቀባሉ፣ መሣሪያውን በየመደርደሪያው ይመልሳሉ። ሊያንቀሳቅሱት የሚችሉት ባቡር ነበር፣ የሚሄድበት ግን እምብዛም አልነበረም። ይህን ታማኝነት ምን እንበለው? ከውጪ ለሚያየው ከንቱ ልፋት ነው። እኔ ግን የለገሃርን ሌላኛውን ግማሽ በሕይወት ያቆዩት እነርሱ ናቸው እላለሁ። አዲስ አበባ ያለው ሕንፃ በውስጡ የሚጠብቅ ሰው ሲያጣ፣ ድሬዳዋ ላይ ሕንፃውን የሚጠብቁለት ነበሩ። ስለዚህ ለገሃርን እንጠብቅ የሚል ሰው ድሬዳዋ ድረስ ማየት አለበት፤ አንዱን ለይቶ ማትረፍ አይቻልም።

በኅዳር 2011 ዓ.ም. ኢግል ሂልስ የተባለው የተባበሩት ዐረብ ኤሚሬትስ ኩባንያ በለገሃር 36 ሄክታር ላይ የሚያርፍ፣ 50 ቢሊዮን ብር ያወጣል የተባለ መንደር ሊገነባ የመሠረት ድንጋይ ተቀመጠ። በስፍራው የነበሩት 1,600 ያህል አባወራዎች እዚያው መኖሪያ እንደሚሠራላቸው፣ ታሪካዊው ጣቢያም እንደሚጠበቅ በወቅቱ ተገለጸ። ከዚያ ወዲህ ፒያሳም ካዛንቺስም በብዛት ፈርሰዋል። ጠዋት ቡና የጠጣንበት ቤት በወሩ ሜዳ ሆኖ ያገኘን ሰዎች ነን። ከተማ ማደጉን አልቃወምም፤ ለገሃር ራሱ ሲሠራ የዘመኑ ታላቅ አዲስ ነገር ነበር። ግን በሚያንጸባርቁ ፎቆች መካከል ቢጫ ግድግዳ ያለው ሕንፃ ብቻውን ቀርቶ፣ ሰው ፎቶ ተነሥቶበት የሚያልፍ ከሆነ፣ ጠበቅነው ማለት አንችልም።

ልመናዬ ከባድ አይደለም። ከሕንፃው ኋላ ጥቂት መቶ ሜትር ሐዲድ ከነብረት ተጋዳሚው በቦታው ይቆይ፤ ልጅ እርምጃውን ዘርግቶ ያ አንድ ሜትር ምን ያህል ጠባብ እንደነበር በእግሩ ይለካው። በፈረንሳይኛና በአማርኛ የተጻፉት የኩባንያው መዝገቦች፣ ካርታዎች፣ የደሞዝ ደብተሮች ለገሃርም ድሬዳዋም ያሉት ተሰብስበው በአንድ ቤተ መዛግብት ለአጥኚ ይከፈቱ። በ1977 ዓ.ም. አዋሽ ላይ ያለቁት ሰዎች ስም በአዳራሹ ግድግዳ ላይ ይጻፍ። የባቡር ሾፌር፣ ትኬት ቆራጭ፣ ሐዲድ ጠባቂ፣ የመስኮት ሻጭ የነበራችሁ፣ ወይም አባታችሁ የነበረ፣ የምታውቁትን ለልጆቻችሁ ተናገሩ፤ በስልካችሁ ቅዱት፤ ለዩኒቨርሲቲዎቹ የታሪክ ክፍሎች ስጡ። የታሪክ ተማሪዎችም ሕንፃውን ከመሳላችሁ በፊት እነዚህን ሰዎች ፈልጉ። በ1950ዎቹ ዓ.ም. ሥራ የጀመረ ሠራተኛ ዛሬ ሰማንያን ቀርቧል ወይም አልፎታል፤ የሚቀረን ጊዜ ጥቂት ነው።